አውቶቡሱ የሚቆምበት ምሳ ቤት፦ ምግቡና መስተንግዶው ለምን እንዲህ ይከፋል?

መንገደኛ (ውይይቱን የከፈተ)

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሐረር በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ጉዳይ ላይ ሐሳባችሁን ለመስማት እፈልጋለሁ። ጎሕ ሳይቀድ የተነሣው አውቶቡስ እኩለ ቀን ገደማ አንድ ግቢ ውስጥ ይገባል፤ ረዳቱ ለምሳ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ እንዳለን ይናገራል፤ ሃምሳና ስድሳ ሰው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም። አስተናጋጁ ትዕዛዙን ሳይጽፍ ይቀበላል፣ የታዘዘውና የመጣው አይገጥሙም፣ ሂሳብ ሲጠየቅም ዋጋው በቃል ይነገራል።

በቅርቡ ወደ ደሴ ስጓዝ ከሸዋ ሮቢት አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ምሳ ቤት የሜኑው ዋጋ በሙሉ በነጭ ፕላስተር ተሸፍኖ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ሌላ ቁጥር ተጽፎበት አየሁ። የብር የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ይህን የትም ስለምናየው አልገረመኝም። ያዘዝኩት ጥብስ ግን በውሃ ተጥለቅልቆ መጣ፤ ሥጋውን ከቅቅል የሚለየው በላዩ ላይ የተበተነው ጥሬ ቃሪያ ብቻ ነበር። አስተናጋጇን በትሕትና ብጠይቃት «ያለው እሱ ነው» ብላኝ ሄደች። ከከፈልኩት ገንዘብ መልሱ ሳይመጣልኝ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተነፋ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ተሳፋሪው ምርጫ ስለሌለው የቀረውን ትቶ ይሮጣል። በዚያው ግቢ ውስጥ በመጋረጃ ተለይቶ በተቀመጠው ክፍል ግን ሹፌሩና ረዳቶቹ በሸክላ እየጨሰ የቀረበላቸውን ጥብስ ይበሉ ነበር። ስለዚህ ወጥ ቤቱ ጥሩ ጥብስ መሥራት አያቅተውም ማለት ነው።

የእኔ ግምት ነገሩ የሙያ ማነስ ሳይሆን የአሠራሩ ውጤት ነው የሚል ነው። የምንበላበትን ቤት የሚመርጠው ሰው ራሱ ከፋይ አይደለም፤ ከፋዩ ደግሞ መምረጥ አይችልም፤ ምሳ ቤቱም ነገ ሌላ አውቶቡስ እንደሚመጣለት ስለሚያውቅ እኔ ተመልሼ ብመጣ ባልመጣ ግድ የለውም። በዚህ የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ቢነግረኝ ደስ ይለኛል። በተለይ በሥራው ውስጥ ያለፋችሁ ሰዎች የምታውቁትን ብትጽፉ ሁላችንም እንጠቀማለን።

ስንቅ ያዥ

ወንድሜ፣ እኔ ይህን ጭቅጭቅ ከተውኩት ቆይቻለሁ። ከቤት ስወጣ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና በሶ እይዛለሁ፤ ደብረ ሲና ላይ መስኮት ድረስ የሚመጣውን ቆሎም እጨምርበታለሁ፤ ምሳ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሻይ ብቻ አዝዤ እግሬን አፍታታለሁ። ሻይ እንኳን ሳያዝዙ መቀመጥ ግን ነውር ከመሆኑም በላይ ከቤቱ ሰዎች ጋር ያጣላል።

የወጥ ቤት ሰው

በመንገድ ዳር ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ውይይቱን የከፈቱት ወንድማችን ያሉት በአብዛኛው እውነት መሆኑን በመመስከር ልጀምር። ሆኖም ምግቡ የሚበላሸው እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ብታውቁት ምን ማዘዝ እንደሚሻላችሁም ታውቃላችሁ።

የወጥ ጣዕም ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱ በርጋታ በስሎ፣ በርበሬው ውሃ ጠብ እየተደረገለት በደንብ እስኪቁላላ ድረስ ከአንድ ሰዓት የማያንስ ጊዜ ይፈልጋል። አውቶቡስ በሚቆምበት ቤት ቁሌቱ ሌሊት በአንድ ትልቅ ድስት ይሠራል፤ ከእሱም ቀይ ወጡ፣ ምንቸት አብሹ፣ ፍርፍሩ፣ አንዳንድ ጊዜም የፓስታው ስጎ ሳይቀር ይወጣል። ሁሉም ምግብ አንድ ዓይነት ጣዕም ያለው የሚመስላችሁ ለዚህ ነው። ድስቱ ጠዋት አልቆ ለምሳ በጥድፊያ ሌላ ቁሌት ከተሠራ ደግሞ በርበሬው ጥሬ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ሆናችሁ የሚያስቸግራችሁ ቃር የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጥብስን በተመለከተ፣ ጥብስ ጥብስ የሚሆነው ጥቂት ሥጋ በጣም በጋለ መጥበሻ ላይ ሲወርድ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ጥብስ ሲያዝዝና ወጥ ቤቱ ሁለት ምድጃ ብቻ ሲኖረው፣ አብሳዩ ብዙ ሥጋ በአንድ መጥበሻ ላይ ይከምራል፤ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃውን ይለቅና በራሱ ውሃ ውስጥ ይቀቀላል። ሌላው ዘዴ ደግሞ ሥጋውን ጠዋት ቀቅሎ ማስቀመጥና አውቶቡሱ ሲገባ በዘይት አገላብጦ ማቅረብ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ የተበላው ጥብስ የጣፈጠው ለሦስት ሰው ብቻ ለብቻው ስለተጠበሰ ነው፤ አብሳዩ አንድ ነው፣ ሥጋውም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው።

በእንዲህ ዓይነት ቤት ሽሮ ማዘዝ ይሻላል የምለው ርካሽ ስለሆነ አይደለም። ተጋቢኖ ሽሮ ለአንድ ሰው በአንድ ድስት፣ እዚያው በዚያው ተሠርቶ እየተንተከተከ የሚወጣ ምግብ በመሆኑ ሌሊት ተሠርቶ ያደረውን ለማቅረብ አያመችም። የእንቁላል ፍርፍርም እንደዚያው ነው። ክትፎን በማታውቁት የመንገድ ዳር ቤት፣ በተለይም መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ጥሬውን ባታዝዙ እመክራለሁ። ሰላጣውም የታጠበበትን ውሃ ስለማታዩ መቅረቱ ይመረጣል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ባለቤቱ ሹፌሩንና ረዳቶቹን በነጻ ያበላል፤ በአንዳንድ ቦታ የኪስ ገንዘብም ይጨመርበታል። ይህ ወጪ ከየትም ሳይሆን ከተሳፋሪው ሰሐን ይወጣል፤ ወይ ዋጋው ይጨምራል፣ ወይ ሥጋው ይቀንሳል። አስተናጋጇን ግን አትፍረዱባት። በአገራችን ለግል ድርጅት ሠራተኞች የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ወለሉ እስካሁን አልተወሰነም። አብዛኞቹ የሚኖሩት በጉርሻ ነው፤ የሚቸኩል ተሳፋሪ ደግሞ ጉርሻ አይሰጥም። ስለዚህ ለእርስዎ ፈገግ ብትል ባትል ለእሷ የሚለወጥ ነገር የለም። መልስ አስቀርቶ መጥፋት ግን ሌብነት ነው፤ እሱን አልከላከልም።

ሹፌር ነኝ

እስካሁን በተጻፈው ውስጥ የእኛ ስም በተደጋጋሚ ስለተነሣ መልስ መስጠት ተገቢ ይመስለኛል። በነጻ እንደምንበላ አልክድም፤ ሆኖም የምንቆምበትን ቤት የምንመርጠው ለነጻ ምሳ ብቻ ነው የሚለው ትክክል አይደለም። ረጅም አውቶቡስ ገብቶ መዞር የሚችልበት፣ ጥበቃ ያለው፣ ጣሪያ ላይ ያለው ዕቃ የማይሰረቅበት፣ ስድሳ ሰው የሚያስተናግድ መጸዳጃ ቤትና ውሃ ያለበት፣ በአቅራቢያው ጎሚስታ የሚገኝበት ግቢ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቢኖር ነው። ጥሩ ምግብ የሚሠሩት ትናንሽ ቤቶች መሐል ከተማ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ናቸው፤ እዚያ ባቆም ትራፊክ ፖሊስ ይቀጣኛል።

ሠላሳ ደቂቃ አነሰ የምትሉትም በየኬላው ለፍተሻ የምናጠፋውን ጊዜ ስለማታሰሉ ነው። ሳይመሽ መድረስ አለብኝ፤ ማታ መንዳት በአሁኑ ጊዜ በብዙ መስመሮች አይቻልም ወይም አይመከርም። ተሳፋሪውን ተበታትኖ ይብላ ብዬ ብለቀው ደግሞ አንዱ ሳይመለስ ይቀርና እሱን ፍለጋ አርባ ደቂቃ ይባክናል። ያን ጊዜ ሌላው ተሳፋሪ የሚቆጣው በእኔ ላይ ነው።

መንገደኛ

ወንድሜ ሹፌሩ፣ ስለ ግልጽነትዎ አመሰግናለሁ። የግቢው፣ የጥበቃውና የመጸዳጃው ጉዳይ እኔ ከጻፍኩት በላይ ክብደት እንዳለው ተረድቻለሁ፤ ነገር ግን ከሦስቱ ግቢዎች መካከል የትኛው የተሻለ ምግብ እንዳለው እርስዎ ከማንም በላይ እያወቁ፣ ምርጫው የሚወሰነው ለእርስዎ በሚቀርበው ምሳ ከሆነ ችግሩ እንዳለ ይቀጥላል። የትራንስፖርት ድርጅቱ የሹፌሩንና የረዳቶቹን የምሳ አበል ራሱ ቢከፍልና ማቆሚያውን በትኬቱ ላይ አስቀድሞ ቢያሳውቅ፣ ምሳ ቤቶቹ የሚወዳደሩት ለሹፌሩ ሳይሆን ለተሳፋሪው ይሆናል። ድርጅቱም ቢሆን ተሳፋሪው የሚያጉረመርመው በምሳ ቤቱ ብቻ ሳይሆን በአውቶቡሱም መሆኑን ማወቅ አለበት።

ሹፌር ነኝ

አበል ከተከፈለኝ ምን ቸገረኝ? ለድርጅቶቹ ንገሯቸው።

የሒሳብ ሠራተኛ

የዋጋውንና የደረሰኙን ጉዳይ በጥቂቱ ላብራራ፤ ብዙ ሰው በሂሳብ ላይ የሚጨቃጨቀው መብቱን ስለማያውቅ ነው።

በመጀመሪያ፣ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃና አገልግሎት ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ መለጠፍ ወይም ማሳወቅ አለበት። ዋጋ ተበልቶ ካለቀ በኋላ በቃል መናገር ከዚህ ጋር አይሄድም። ብዙዎቻችን የማናውቀው ደግሞ ያው አዋጅ ሸማቹ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብ፣ ከዛቻና ከማመናጨቅ የመጠበቅ መብት እንዳለው መደንገጉ ነው። ክፉ መስተንግዶ በሕጋችን የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ በተለይ በመዝናኛ ሆቴሎች የሚያስደነግጠው የሂሳብ አደማመር ነው። ሜኑው ላይ 400 ብር የተጻፈ ምግብ፣ ዋጋው አገልግሎትንና ታክስን አይጨምርም ከተባለ፣ በመጀመሪያ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመርበትና 440 ይሆናል፤ ከዚያ በ440ው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰላና 506 ብር ይመጣል። ጭማሪው 25 በመቶ መስሎት የሚከራከር ደንበኛ ብዙ ነው፤ በእርግጥ የሚሆነው 26.5 በመቶ ነው። አሰላሉ ስሕተት የለውም፤ ስሕተቱ ይህ በሜኑው የመጨረሻ ገጽ ግርጌ በማይነበብ ፊደል መጻፉ ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት «ዋጋው ሁሉንም ያካተተ ነው?» ብላችሁ መጠየቅን ልማድ አድርጉት።

ሦስተኛው፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስብ ቤት ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የወጣ ደረሰኝ መስጠት ግዴታው ነው። በእጅ ጽሑፍ በብጣሽ ወረቀት የሚመጣ «ቢል» ደረሰኝ አይደለም። ታክስ አስከፍለው ደረሰኝ ካልሰጡ፣ የከፈላችሁት ታክስ ወደ መንግሥት ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ኪስ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ መፈጸም ለመልሱ ጭቅጭቅ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ልኩን ትከፍላላችሁ፣ ማስረጃውም በእጃችሁ ይቀራል።

ከሜሪላንድ

ከአውቶቡስ ምሳ ቤት ትንሽ ወጣ ብል አትቀየሙኝ፤ ጉዳዩ ግን አንድ ነው። ባለፈው ክረምት ከልጆቼ ጋር ሐዋሳ ሄደን በሐይቁ ዳር በሚገኝ አንድ ትልቅ መዝናኛ እራት ልንበላ ተቀመጥን። ልጆቼ የሐዋሳን ዓሣ ሲሰሙ ስላደጉ ሌላ ነገር አልፈለጉም። የዓሣ ጥብስ አዘዝን፤ አስተናጋጁ ረጅም ጊዜ ቆይቶ መጥቶ አልቋል አለን። የዓሣ ጉላሽ አልን፤ እንደገና ሄዶ እንደገና ቆይቶ እሱም የለም አለን። ፊሌቶ እንዳለ ሲነገረን ተደሰትን፤ የቀረበልን ግን በረዶው ገና ያልለቀቀ፣ መሐሉ ቀዝቃዛ ቁራጭ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ስንጠራ ከይቅርታ ይልቅ ክርክር ቀደመ። ሂሳቡ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛው ከላይ ባስረዱት መንገድ ተደምሮ መጣ፤ የአገልግሎት ክፍያ የተባለው ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እዚህ አሜሪካ ጉርሻ ላይ የተመሠረተ የአስተናጋጅ ደመወዝ በፌዴራል ደረጃ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ላይ ቆሞ ይገኛል፤ ክልሎች ከዚያ በላይ ሊወስኑ ይችላሉ። እኔም ስመጣ በሐበሻ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆኜ ስለሠራሁ የወጥ ቤቱ ወንድማችን ስለ ጉርሻ ያሉትን በሚገባ እረዳለሁ። ነገር ግን እዚህ አስተናጋጁ ገና ውሃ ሲያቀርብ ዛሬ የሌሉትን ምግቦች አስቀድሞ ይናገራል፤ ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። እኛ ዘንድ «የለም» ማለት ለምን እንዲህ ይከብዳል?

አሞራ ገደል

እህቴ፣ በከተማችን ስላጋጠመዎት ነገር አዝናለሁ፤ ሆኖም ዓሣን እራት ላይ መፈለግ ራሱ ችግር አለው። የሐይቃችን ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ማታ ጥለው የሚያወጡት ጠዋት ነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ትኩስ ሆኖ የሚገኘው ረፋድ ላይ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ነው፤ እዚያው ተገፎ፣ እዚያው ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር ይበላል፤ የዓሣ ሾርባውም አለ፤ ልማዱ ያላቸው ደግሞ ጥሬውን ይበሉታል። ከሰዓት በኋላ የሚቀረው ወደ አዲስ አበባ ያልተጫነውና ማቀዝቀዣ የገባው ነው። መዝናኛዎቹ እራት ላይ የሚያቀርቡት ያንን ነው፤ በረዶውን በአግባቡ ሳያቀልጡ ማቅረባቸው ግን ምንም ማመካኛ የለውም።

ሌላም ምክንያት አለ። በዐቢይ ጾም ወቅት ዓሣ የሚበላው ሰው ስለሚበዛ ዋጋው ይሰቀላል፣ ዓሣውም ቶሎ ያልቃል። በጠባብ ዓይን መረብ ጫጩቱ ሳይቀር እየተጠመደ ስለሆነ ትልልቅ ቆሮሶ ማግኘት ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መጥቷል። አንዳንድ ቤት ቆሮሶ ብሎ አምባዛ የሚባለውን ሌላ ዓሣ የሚያቀርበውም ለዚህ ነው፤ አምባዛ ሥጋው ወፍራምና ቅባት የበዛበት ስለሆነ የለመደ ሰው አይሳሳትም። በሚቀጥለው ሲመጡ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሂዱ፣ ዓሣውን ሳይቆረጥ አይተው ይምረጡ፣ ዋጋውንም ከመጠበሱ በፊት ይነጋገሩ።

ጾመኛ

የእኔ ቅሬታ ከሁላችሁም ይለያል። ረቡዕና ዓርብ ስጓዝ «ጾም ነው?» ብዬ ጠይቄ አዎ የተባልኩበት ሽሮ ቅቤ ሸትቶኝ የተነሣሁበት ጊዜ አለ። አስተናጋጁ ሆን ብሎ ዋሽቶኛል ብዬ አላምንም፤ ወጥ ቤት ገብቶ መጠየቅን ስላልፈለገ በግምት መለሰልኝ። የጾም ምግብ የሚሠራበት ዕቃ ለብቻው እንዲሆን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ከሁዳዴው 55 ቀን ሌላ በየሳምንቱ ሁለት ቀን የሚጾም ደንበኛ ያለበት አገር ውስጥ ምግብ የሚሸጥ ሰው ይህን ማወቅ የሥራው መጀመሪያ ሊሆን ይገባል።

ከከሚሴ

እህታችን ጾመኛ ያነሡት ነገር ለእኛ ለሙስሊም ተሳፋሪዎች በሥጋው በኩል ይመጣል። ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው መንገድ ሐላል ሥጋ ያላቸው ቤቶች እንደልብ ስለሚገኙ ችግር የለብንም። በሌሎች መስመሮች ግን አውቶቡሱ የሚገባበት ግቢ አንድ ብቻ ስለሚሆን እንቁላል ወይም ሽሮ እየበላን፣ አንዳንዴም ሳንበላ እናልፋለን። ረዳቱን «ሐላል ያለበት አቁሙልን» ብለን ስንጠይቅ እንደ ችግር ፈጣሪ የምንታይበት ጊዜ አለ። ማቆሚያው በትኬቱ ላይ አስቀድሞ ይገለጽ የተባለውን ሐሳብ በጣም የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ካወቅሁት ስንቄን ይዤ እነሣለሁ።

የላሊበላ አስጎብኚ

እንግዶች ይዤ በየዕለቱ ምግብ ቤት የምገባ ሰው ስለሆንኩ፣ «የለም» የሚለው ቃል ለምን እንደሚከብድ ላነሡት ለሜሪላንዷ እህታችን ከእኛ ከተማ አንጻር መልስ ልስጥ። በላሊበላ ብዙ ምግብ ቤቶች ያላቸው ሜኑ የተጻፈው ቱሪስት በሚጎርፍበት ዘመን ነው። ወረርሽኙና ጦርነቱ ተከታትለው መጥተው እንግዳው ሲጠፋ፣ ሜኑው እንዳለ ቀረ፤ የሚገዛው ዕቃ ግን ቀነሰ። ላዛኛው፣ ፒዛውና የዓሣው ምግብ በወረቀት ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለው ግን ሽሮ፣ በያይነቱ፣ ጥብስና ፓስታ ነው። ባለቤቱ ሜኑውን አሳጥሮ ቢያሳትም ከጎረቤቱ ያነሰ ስለሚመስለው አይደፍርም። በእኔ ግምት አሥር ምግብ ጽፎ አሥሩንም የሚያቀርብ ቤት ሰማንያ ጽፎ አምስት ከሚያቀርበው ይበልጣል፤ ይህን ለባለቤቶቹ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ።

ስለ መዘግየቱም አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፓስታም ባቄላም ቆላ ከሚወስደው ጊዜ የበለጠ ይወስዳል። ምግቡ ከታዘዘ በኋላ ከባዶ የሚጀመር ስለሆነም አንድ ሰዓት መቆየቱ አያስደንቅም። ስለዚህ እኔ እንግዶቼን ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ከማስገባቴ በፊት ምሳቸውን አሳዝዛለሁ፤ ሰዓቱንም ለወጥ ቤቱ እነግራለሁ። ስንመለስ ምግቡ ይደርሳል፤ አብሳዩም የሚያስፈልገውን ከገበያ ለመግዛት ጊዜ ያገኛል። ቤተሰብ ይዛችሁ በራሳችሁ መኪና የምትጓዙም ብትሆኑ፣ የምሳ ከተማችሁ ሳትደርሱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ስልክ ብትደውሉ ተመሳሳይ ውጤት ታገኛላችሁ። በገና ሰሞን ግን ይህም አይሠራም፤ ያን ጊዜ ከተማው ከአቅሙ በላይ ሰው ስለሚይዝ ያለውን መብላት ግድ ነው።

የቡሬ ሰው

በሌላ ውይይት ላይ አንድ ሰው በእኛ አገር የጠቆረ እንጀራ ቀርቦልኝ ተናድጄ ወጣሁ ብሎ ሲጽፍ አንብቤ ነበር፤ እዚህም እንዳይነሣ አስቀድሜ ልናገር። በጎጃም የዳጉሳ እንጀራ የተለመደ ነው፤ በፎገራ በኩል ደግሞ ጤፍ ከሩዝ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ያገሬው ሰው በቤቱ የሚበላው እሱን ነው። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ነው ተብሎ ተሽጦ ሌላ ሲቀርብ ብቻ ነው ቅሬታው የሚገባው። አዲስ አበባ ውስጥ ጀሶ ተቀላቀለበት ሲባል የምንሰማውን ከዚህ ጋር አታገናኙት።

የወጥ ቤት ሰው

የላሊበላው ወንድማችን ቀድሞ ስለማዘዝ ያሉት ለአውቶቡስም ይሠራል። እኔ በነበርኩበት ቤት አንድ ረዳት ነበር፤ ከመድረሳቸው በፊት ተሳፋሪውን ጠይቆ ይህን ያህል ሽሮ፣ ይህን ያህል ጥብስ፣ ይህን ያህል የጾም ብሎ ይደውልልን ነበር። እሱ በሚመጣበት ቀን ጥብሱን በየተራ በትንሽ በትንሹ ለመጥበስ ጊዜ እናገኝ ነበር፤ ሰውም ሳይጨቃጨቅ በልቶ ይነሣል፤ አስተናጋጆቹም ጉርሻ ያገኛሉ። ባለቤቱ ግን ይህን ከሌሎቹ ረዳቶች ጋር ተነጋግሮ የሁልጊዜ አሠራር ለማድረግ አልሞከረም። ሳይለፋም ግቢው ይሞላለት ነበራ።

ሹፌር ነኝ

ይህ የሚቻል ነገር ነው። አባይ በረሃ ስንገባ ኔትወርክ ይጠፋል እንጂ ከጎሐ ጽዮን ሳንወርድ ለደጀን ወይም ለደብረ ማርቆስ መደወል ይቻላል። ለረዳቴ እነግረዋለሁ፤ ተሳፋሪው ያዘዘውን ትቶ ሌላ ነገር አምጡልኝ ካላለ በስተቀር።

ወደ ጅማ

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ከአዛውንት እናቴ ጋር በሕዝብ ትራንስፖርት ወደ ጅማ እሄዳለሁ፤ እናቴ የስኳር ሕመም ስላለባቸው የምሳ ሰዓታቸው መዛነፍ የለበትም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መንገደኛ

በዚያ መስመር ብዙዎቹ ወልቂጤ ላይ ይቆማሉ፤ ሰዓቱ ግን እንደ መነሻችሁና እንደ ፍተሻው ስለሚለያይ በእሱ አትተማመኑ። ለእናታችን የሚስማማቸውን ምግብ ከቤት ይዛችሁ ውጡና ሰዓታቸው ሲደርስ አውቶቡሱ ቢቆምም ባይቆምም እዚያው መቀመጫቸው ላይ ያብሉአቸው፤ መድኃኒታቸውንም ጣሪያ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ለይታችሁ በእጅ ያዙ። ስትሳፈሩ የጤናቸውን ሁኔታ ለረዳቱ ንገሩት። ወልቂጤ ስትደርሱ ደግሞ ግቢው ውስጥ ያለው ቤት ካልተመቻችሁ፣ ጊዜውን ከረዳቱ አረጋግጣችሁ በእግር በሁለት ደቂቃ የሚደረስ ሌላ ቤት መሞከር ትችላላችሁ፤ እናታችንን ግን እዚያው ጥላ ሥር አስቀምጠህ ብቻህን ሄደህ ብታመጣላቸው ይሻላል።